የኮሎኙን መስጊድ ማን ነው የሰራው? ሰሞኑን ለተሰራጨው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ኮሎኝ ማእከላዊ መስጊድ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ እዚህ ጀርመን ባለነው ሐበሾች መሀል እየዞረ ነው፣ ለኔም ከተለያየ ሰው ደርሶኛል። ላላነበባችሁት ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ መስጊዱ በኤርዶዋን ገንዘብ የተሰራ የቱርክ መንግስት ምሽግ ነው፣ ሚናራዎቹ የቆሙት ከካቴድራሉ ጋር ለመፎካከር ነው፣ የከተማው ሰው ሳይጠየቅ በላዩ ላይ ተጫነበት፣ አሁን ደሞ በቀን አምስት ጊዜ በድምፅ ማጉያ አዛን ይለቀቅበታል፣ ቱርክ ክርስቲያኖችን ቤተክርስቲያን እንዳይሰሩ እየከለከለች ቱርኮች እዚህ መስጊድ የመስራት መብት ሊኖራቸው አይገባም። ማሳረጊያው ደግሞ "ለስራ መጥተው ባለቤት ሆኑ" የሚል ነው።

እኔ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነኝ፣ ኮሎኝ ነው የምኖረው፣ መስጊዱ ባለበት በኤረንፌልድ ሰፈር ሁሌ ነው የማልፈው። ይሄን አስቀድሜ የምናገረው ጽሑፉ ከላይ እስከታች "እኛ ክርስቲያኖች" እያለ በኔም ስም ስለሚናገር ነው። በኔ ስም ሲነገር ቢያንስ እውነት የሆነው ነገር ይነገርልኝ። ጸሐፊው ትክክል የሆኑበት ነገር አለ፣ እሱንም ሳልደብቅ እናገራለሁ፣ ግን እውነቱን ካልሆነ ነገር ጋር ስለደባለቁት እውነቱም አብሮ ጠፍቷል። (አመተ ምህረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በገንዘቡ ልጀምር፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ተቀብሎ የሚያወራው እሱን ነው። ጽሑፉ "ኤርዶዋን ያሰራው መስጊድ" ሲል የሚያቀርበው ማስረጃ 2018 ላይ መጥተው መረቁት የሚለውን ብቻ ነው። ሪባን መቁረጥና ማሰራት የተለያየ ነገር ነው። ህንፃው መጀመሪያ ከታሰበው በላይ ብዙ ወጥቶበት ወደ 30 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ የደረሰ ሲሆን ገንዘቡ የተገኘው ከባንክ ብድርና በመላው ጀርመን ካሉ 884 የመስጊድ ማህበራት ከተሰበሰበ መዋጮ ነው። መዋጮው እንዴት እንደሚሰበሰብ በአንዱ ትንሽ ከተማ ያለ የቱርክ መስጊድ ሄዶ ማየት ነው፣ ከጁምአ በኋላ በር ላይ ሳጥን ይዞራል፣ በበጋ ደሞ ከርሜስ የሚሉት አለ፣ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ሴቶቹ ሊጡን በቀጭን በትር ዳምጠው ስፒናችና አይብ ጠቅልለው ትኩስ ትኩሱን ይጋግራሉ፣ ጀርመኑም ቱርኩም ተሰልፎ ይገዛል፣ ልጆቹ ሻይ ያቀርባሉ፣ ማታ ሲቆጠር የተገኘው ወደ መስጊዱ ሂሳብ ይገባል። እንደዚህ ነው ገንዘቡ የመጣው። እንዲያውም ፊንግስት የሚባለው ሰፈር ያለው የቅዱስ ቴዎዶር ካቶሊክ ቤተክርስቲያን 2007 ላይ ምእመናኑን አስተባብሮ ለዚህ መስጊድ መዋጮ ሰብስቧል። ጸሐፊው ይሄን ያውቁት እንደሆነ አላውቅም፣ ግን "እኛ ክርስቲያኖች" ከሚሉት ውስጥ እነዚህም አሉበት።

አሁን መስጊዱ የዲቲብ ነው የሚለው እውነት ነው። ዲቲብ ማለት 1984 እዚሁ ኮሎኝ የተመሰረተው የቱርክ መስጊዶች ህብረት ሲሆን ዲያኔት ከሚባለው የአንካራው የሃይማኖት ጉዳዮች መስሪያ ቤት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው፣ ወደዚህ ኋላ እመለስበታለሁ። ግን ተራው ቱርክ ዲቲብ ጋር የሚሄደው ለፖለቲካ ይመስላችኋል? ብዙ ቤተሰብ አባል የሆነው ለቀብር ፈንዱ ነው። በየአመቱ ትንሽ ገንዘብ ይከፍላሉ፣ ከቤተሰቡ ሰው ሲሞት ፈንዱ አስከሬኑን አጥቦ ገንዞ በአውሮፕላን ጭኖ እስከ ተወለደበት መንደር ያደርሳል፣ አጃቢም ከነትኬቱ። የኛ እድር ማለት ነው። ባእድ ሀገር ላይ ሬሳ ይዞ መንከራተት ምን እንደሆነ ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም፣ መዋጮ ስንሰበስብ ነው የምንኖረው፣ ስለዚህ ይሄን ሰው ሁሉ በአንድ ቃል "የኤርዶዋን ወታደር" ማለት እኔ በጣም ነው የከበደኝ።

ሁለተኛው የሚናራው ነገር ነው። ሚናራዎቹ 55 ሜትር ናቸው። የካቴድራሉ ማማዎች 157 ሜትር ናቸው። ከመስጊዱ በእግር ትንሽ ራቅ ብሎ ያለው ኮሎኒየስ የሚባለው የቴሌኮም ማማ ደሞ 266 ሜትር ነው። ከካቴድራሉ ጋር ሊፎካከር የፈለገ ሰው ሲሶውን አክሎ አያቆምም፣ ለዚያውም ከካቴድራሉ ርቆ ሌላ ሰፈር ውስጥ።

ደሞስ ንድፉን ማን ሰራው? ፓውል ቦም። ይሄ ስም ጽሑፉ ውስጥ አንዴም አልተነሳም፣ እኔን ደሞ ከሁሉም የገረመኝ እሱ ነው። አያቱ ዶሚኒኩስ ቦም በጀርመን ስመ ጥር ከነበሩት የቤተክርስቲያን አርክቴክቶች አንዱ ነበር፣ አባቱ ጎትፍሪድ ቦም በኔቪገስ ያለውን ታላቁን የማርያም ቤተክርስቲያን የሰራና 1986 ላይ በአርክቴክቶች አለም ትልቁን የፕሪትስከር ሽልማት የተሸለመ ሰው ነው። ሶስት ትውልድ ሙሉ ለካቶሊክ ቤተክርስቲያን ሲሰራ የኖረ የኮሎኝ ቤተሰብ ነው። 2006 በተደረገው የዲዛይን ውድድር አሸነፉ፣ ዲቲብም የነሱን ስራ መረጠ። ኢስታንቡል ያለውን የኦቶማን መስጊድ ቀድቶ ማቆም ይቻል ነበር፣ አላደረጉትም። ሄዳችሁ እዩት፣ ጉልላቱ ደፍኖ የተቀመጠ አይደለም፣ የኮንክሪት ቅርፊቶቹ ተለያይተው ቆመው መሀል መሀላቸውን መስታወት ነው የያዘው፣ ውስጥ ስትገቡ ብርሃኑ ከላይም ከጎንም እየወረደ ምንጣፉ ላይ ይተኛል፣ ውጪ ያለ ሰው ደሞ በመስታወቱ አሻግሮ ማየት ይችላል። ፌንሎወር ሽትራሰ ከሚባለው መንገድ ወደ ግቢው የሚያወጣው ሰፊ ደረጃ አለ፣ መንገደኛው ቀጥ ብሎ እንዲወጣ ተብሎ የተሰራ ነው፣ ግቢው ላይ ሱቆች አሉ፣ ላይብረሪ አለ፣ ማንም ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። ምሽግ የሚሰራ ሰው ግድግዳውን መስታወት አያደርገውም።

ሶስተኛ፣ "ህዝቡ አልተጠየቀም" የሚለው። ኮሎኝ ውስጥ በዚያን ዘመን ይሄን ያህል የተከራከሩበት ህንፃ ማግኘት ይከብዳል። ክርክሩ አመታት ነው የፈጀው። ራልፍ ጆርዳኖ፣ ከናዚ ስደት የተረፈ አይሁዳዊ ደራሲ፣ 2007 ላይ መስጊዱን በአደባባይ ተቃወመ፣ በዚህም የግድያ ዛቻ ደረሰበት፣ ይሄ ነውር ነበር። የሱ ተቃውሞ ከዘረኞቹ ጋር የሚደመር አልነበረም፣ እሱ ራሱ ቀኝ አክራሪዎቹን አጥብቆ ይቃወም ነበር። በከተማው የተደረገ የህዝብ አስተያየት ጥናትም ነበር፣ መስጊዱ በጭራሽ አይሰራ ያለው አንድ ሶስተኛ ያህሉ ሲሆን የቀረው ወይ ይሰራ ብሏል ወይ አነስ ተደርጎ ይሰራ ብሏል። ከዚያ ነሐሴ 28 ቀን 2008 የከተማው ምክር ቤት ድምፅ ሰጠ። ሶሻል ዴሞክራቶቹ፣ አረንጓዴዎቹ፣ ሊበራሎቹና ግራው ደገፉ፣ ሲዲዩ የሚባለው የክርስቲያን ዴሞክራቶቹ ፓርቲና ፕሮ ኮሎኝ የሚባለው ቀኝ አክራሪ ቡድን ተቃወሙ። የወቅቱ ከንቲባ ፍሪትስ ሽራማ ራሱ የሲዲዩ ሰው ነው፣ የገዛ ፓርቲው እየተቃወመ እሱ እጁን ለመስጊዱ አወጣ። ህዝብ መጠየቅ ማለት ከዚህ ሌላ ምን እንደሆነ አልገባኝም፣ በህዝብ የተመረጠ ምክር ቤት በግልጽ ስብሰባ ነው የወሰነው።

ወዲያው በመስከረም ፕሮ ኮሎኝ ከመላው አውሮፓ ቀኝ አክራሪዎችን ጠርቶ "ፀረ እስልምና ጉባኤ" ሊያደርግ ሞከረ። ከተማው እንዴት እንደተቀበላቸው በጊዜው እዚህ የነበረ ሰው ይነግራችኋል፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው መንገድ ዘጋ፣ ቡና ቤቶቹ ለነሱ ቢራ አንቀዳም አሉ፣ ታክሲዎች አንጭንም አሉ፣ በመጨረሻ ፖሊስ ሰልፉን ለደህንነት ብሎ ከለከለው። ድንጋይ የወረወሩም ነበሩ፣ እሱን አልደግፍም። ግን ጸሐፊው "የከተማው ሰው ተጫነበት" ሲሉ ይሄን ሁሉ ሰው የት አድርገውት ነው? የመሰረት ድንጋዩ የተቀመጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ህዳር 2009 ነው።

የአዛኑ ጉዳይ አጭር ነው። በቀን አምስት ጊዜ የሚባለው ሀሰት ነው። ከተማው 2021 ላይ የሙከራ ፈቃድ አወጣ፣ መስጊዶች ካመለከቱ አርብ ቀን ብቻ፣ ከእኩለ ቀን እስከ 9 ሰአት ባለው ጊዜ ውስጥ (በኛ ሰአት አቆጣጠር)፣ ቢበዛ ለ5 ደቂቃ፣ በድምፅ ገደብ። ማእከላዊው መስጊድ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው ጥቅምት 14 ቀን 2022 ነው፣ ድምፁም 60 ዴሲቤል ላይ የተገደበ ነው። እኔ አርብ ቀን ኢነረ ካናል ሽትራሰ ጥግ ቆሜ ሰምቼዋለሁ፣ የመኪናው ጩኸት ነው የሚውጠው፣ ጆሮ ሰጥቶ ለሚጠብቅ ሰው ካልሆነ አይሰማም። የኮሎኝ ደወሎች ደሞ በየቀኑ ይደወላሉ፣ እኔ ደስ ይለኛል፣ ይደወሉ።

አሁን ጸሐፊው ትክክል ወደሆኑበት ልምጣ፣ እዚህ ላይ ረዘም አደርጋለሁ ምክንያቱም ዋናው ነገር ይሄ ነው። የአንካራ እጅ ዲቲብ ውስጥ አለ። ኢማሞቹን ዲያኔት ይመድባል፣ ደሞዛቸውንም የቱርክ መንግስት ይከፍላል፣ የተወሰነ አመት ሰርተው ይመለሳሉ፣ ብዙዎቹ ጀርመንኛ ሳይችሉ መጥተው ሳይችሉ ይሄዳሉ። ከ2016ቱ የመፈንቅለ መንግስት ሙከራ በኋላ አንዳንድ የዲቲብ ኢማሞች አንካራ በሙከራው የምትከሰው ሰባኪ የጉለን ደጋፊ ናቸው የሚሏቸውን ሰዎች ስም ለአንካራ አስተላልፈዋል፣ የጀርመን ፌዴራል አቃቤ ህግ ምርመራ ከፍቶ 2017 መጨረሻ ላይ ዘጋው፣ ግን ነገሩ በብዙ ቤተሰብ ላይ ፍርሃት ጥሎ አልፏል። ለሰላት የሄደ ሰው ከጎኑ ያለው ሰው ስሙን ይጽፋል ብሎ መስጋት የለበትም። 2018 መጀመሪያ ላይ የቱርክ ጦር ሶሪያ ውስጥ ኩርዶች የሚበዙበት አፍሪን ሲገባ በአንዳንድ የዲቲብ መስጊዶች ለጦሩ ድል ዱአ ተደርጓል፣ እዚህ ጀርመን የሚኖረው ኩርድ ሙስሊም ምን እንደተሰማው አስቡት፣ እሱም እኮ እዚያው መስጊድ የሚሰግድ ሰው ነው።

ከዚያ መስከረም 29 ቀን 2018 ምረቃው መጣ። ኤርዶዋን መጡ፣ ሰፈሩ በፖሊስ ታጠረ፣ ከውጪ ይደረጋል የተባለው የህዝብ ዝግጅት በጸጥታ ምክንያት ተሰረዘ። ከንቲባዋ ሄንሪየተ ሬከር አልተገኘችም፣ የክፍለ ሀገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር አርሚን ላሼትም አልተገኘም። ለመስጊዱ ብሎ የገዛ ፓርቲውን የተጋፈጠው ሽራማ በአግባቡ እንዳልተጋበዘ ተናግሮ ቅሬታውን በአደባባይ አሰማ። እኔ ከዚህ ሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ይህ ህንፃ የኮሎኝ ነበር፣ የኮሎኝ ሰው ተከራክሮበት ተሰልፎለት የቆመ ህንፃ ነበር፣ የምረቃው ቀን ላይ ግን ለአንድ የፖለቲካ መሪ መድረክ ሆነ። ዲቲብ በዚያ ቀን ያጠፋውን እምነት መልሶ ለመገንባት አመታት ፈጅቶበታል፣ አሁንም አልጨረሰም።

ነገር ግን ጸሐፊው ያልጠየቁት ጥያቄ አለ፦ ይሄ አሰራር እንዴት መጣ? ከ1980ው የቱርክ መፈንቅለ መንግስት በኋላ አንካራ አውሮፓ ያለውን ሙስሊም ከሌሎቹ ቡድኖች ቀድማ ለመያዝ ፈለገች፣ ጀርመንም ተመቻት። ለኢማም ደሞዝ አታወጣም፣ ለስልጠና አታወጣም፣ "አክራሪዎቹ ከሚይዙት የቱርክ መንግስት ይያዘው" ነበር ነገሩ። ኮሎኝ ውስጥ ራሱን ከሊፋ ብሎ የሰየመው የካፕላን ቡድን እንደነበረ አትርሱ፣ 2001 ታግዶ መሪው 2004 ወደ ቱርክ ተባረረ። ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ዲቲብ ለጀርመን ባለስልጣናት አስተማማኝ ነበር። አሰራሩን ለረጅም ጊዜ የተቀበለው የጀርመን መንግስትም ነው ማለት ነው። አሁን መቀየር ተጀምሯል፣ ታህሳስ 2023 የጀርመን የሀገር ውስጥ ሚኒስቴር ከዲያኔትና ከዲቲብ ጋር ተስማምቶ በየአመቱ 100 ኢማም እዚሁ ጀርመን ውስጥ እንዲሰለጥንና ከቱርክ የሚላከው ቀስ በቀስ እንዲቆም ተወስኗል። ተቃውሞ ያለው ሰው እዚህ ላይ ይግፋ። ስልጠናው በርግጥ ተጀመረ ወይ፣ ደሞዙን ማን ይከፍላል፣ ማህበራቱ ቦርዳቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ ወይ፣ ብሎ መጠየቅ መስጊዱ ውስጥ ያሉትን ወጣቶች ይጠቅማል። ህንፃውን መኮነን ግን እነዚያኑ ወጣቶች ወደ አንካራ ነው የሚገፋቸው።

"ቱርክ ውስጥ ቤተክርስቲያን አይሰራም" የሚለው ላይ፣ የቱርክ ክርስቲያኖች የደረሰባቸው በደል እውነት ነው። የሃልኪው የኦርቶዶክስ ሴሚናሪ ከ1971 ጀምሮ ዝግ ነው። 2020 ላይ ሃጊያ ሶፊያ ከሙዚየምነት ወደ መስጊድ ሲቀየር እኔም እንደማንኛውም ኦርቶዶክስ አዝኛለሁ። በሪፐብሊኩ ታሪክ የመጀመሪያው የተባለው አዲስ ቤተክርስቲያን፣ የሶርያ ኦርቶዶክሶች የቅዱስ ኤፍሬም ቤተክርስቲያን፣ ኢስታንቡል ውስጥ የተመረቀው ገና 2023 ላይ ነው፣ መቶ አመት ሙሉ ማለት ነው። ግን ይሄን በደል የሰራው የኤረንፌልድ የዳቦ ጋጋሪ ነው እንዴ? የሱ አባት በፎርድ ፋብሪካ መኪና ሲገጥም ነው የኖረው። የኮሎኙ ካርዲናል ማይስነር በጊዜው ጥሩ መንገድ አሳይተው ነበር፣ ቅዱስ ጳውሎስ በተወለደበት በጠርሴስ ለክርስቲያን ተሳላሚዎች ቤተክርስቲያን ይከፈት ብለው ጠየቁ፣ ዲቲብም ጥያቄውን ደገፈ። እሳቸው መስጊዱን ዘግታችሁ እንነጋገር አላሉም። የጀርመን ህገ መንግስት አንቀጽ 4 የእምነት ነፃነትን ሲሰጥ የሌላ ሀገር መንግስት ምን ያደርጋል ብሎ አይጠይቅም፣ ለኛም እኮ የሚሰራው እሱ ስለሆነ ነው። እኛም ታቦታችንን ይዘን ከጀርመኖቹ አብያተ ክርስቲያናት ሰአት እየተዋስን ስንቀድስ የኖርን ሰዎች ነን፣ አዲስ አበባ ምን ተደረገ ተብሎ በሩ ቢዘጋብን ምን እንል ነበር?

የመጨረሻው "ለስራ መጥተው ባለቤት ሆኑ" የሚለው ነው። ጀርመን ከቱርክ ሰራተኛ ለመውሰድ ውሉን የፈረመችው ጥቅምት 30 ቀን 1961 ነው። ጀርመን ሰው አጥታ ኢስታንቡል ላይ ቢሮ ከፍታ ነው የመለመለቻቸው፣ ሐኪሞቹ ጥርሳቸውን ሳይቀር አይተው ጤነኛውን እየመረጡ በባቡር ይልኩ ነበር። መጀመሪያ ሁለት አመት ሰርተው እንዲመለሱ ነበር የታሰበው፣ 1964 ላይ ያ ገደብ ተነሳ፣ ያስነሳው ደሞ አሰሪዎቹ የሰለጠነ ሰው እየሸኙ በየሁለት አመቱ አዲስ ማሰልጠን ስለሰለቻቸው ነው። ኮሎኝ የመጡት ብዙዎቹ ኒል የሚባለው ሰፈር ያለው የፎርድ ፋብሪካ ገቡ። የሚሰግዱበት ቦታ አልነበራቸውም። የካቲት 3 ቀን 1965 በኢድ አልፈጥር በመቶዎች የሚቆጠሩ ሙስሊም ሰራተኞች የኮሎኝ ካቴድራል ውስጥ፣ አዎ ካቴድራሉ ውስጥ፣ በሰሜኑ ክንፍ ምንጣፍ አንጥፈው ሰገዱ፣ የካቴድራሉ ሰዎች ፈቅደውላቸው ነው። ጸሐፊው መስጊዱ ይፎካከረዋል የሚሉት ካቴድራል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ለብዙ አመታት የሰገዱት በምድር ቤት፣ በመጋዘን፣ በጓሮ ነው። አሁን መስጊዱ የቆመበት ቦታ ላይ ራሱ ድሮ የነበረው አሮጌ የመድኃኒት ፋብሪካ ነው፣ እሱን አፅድተው ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይሰግዱበት ነበር። 2004 ላይ የኒዮ ናዚ ቡድን ቱርኮች በሚነግዱበት በኮይፕ ሽትራሰ ምስማር የሞላ ቦምብ አፍንድቶ 22 ሰው ሲያቆስል ፖሊስ ለአመታት ጥፋተኞቹን እዚያው ቱርኮቹ መሀል ነበር የሚፈልገው። ይሄን ሁሉ አልፈው ተቀምጠዋል፣ ልጆቻቸው እዚህ ተወለዱ፣ የልጅ ልጆቻቸው ኮሎኝኛ ይናገራሉ፣ ለኮሎኝ እግር ኳስ ቡድን ያለቅሳሉ። ስልሳ አመት ሰርቶ ግብር ከፍሎ የኖረ ሰው በገዛ ገንዘቡ በዋናው መንገድ ላይ ቤት ሰርቶ ቢሰግድ ባለቤት ሆነ ተብሎ የሚከሰስበት ምክንያት የለም፣ ባለቤት ነዋ።

ጸሐፊውን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ጽሑፉ አሁንም እየዞረ ነው፣ አዲስ የመጡ ልጆቻችን ጀርመንን የሚያውቁት በእንደዚህ አይነት ጽሑፍ ነው። ስለ ዲቲብና አንካራ የጻፉትን ያቆዩት፣ በቀን አምስት ጊዜ የሚለውን፣ ኤርዶዋን አሰራው የሚለውንና ህዝቡ አልተጠየቀም የሚለውን ግን አርመው መልሰው ይላኩልን፣ እኔም የታረመውን ለላኩልኝ ሰዎች ሁሉ እልካለሁ።